እንዳይለቅ አደራ

በ1963 ዓ.ም. ኅዳር ውስጥ፣ ከደሴ ገብስ ጭኖ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ አንድ የጭነት መኪና ሀረጎ ጠመዝማዛ ላይ ሲደርስ ፍሬኑ እምቢ አለ። ሹፌሩ መኪናውን ከገደሉ አሽሽቶ ከተራራው ጋር ሊያላትመው ሞከረ፤ ግማሽ ያህል ተሳካለት። መኪናው ገደል አልገባም፣ በጎኑ ተኛ። ከጆንያው ላይ ተቀምጠው ይሄዱ ከነበሩት አምስት ሰዎች ሁለቱ እዚያው ቀሩ። ከተረፉት ሦስቱ አንዷ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ የነበረችው መዲና ናት። ኮምቦልቻ ያለች አክስቷን ልትጠይቅ መውረዷ ነበር። ቀኝ እጇ በመኪናው የእንጨት ግድግዳና በአስፋልቱ መካከል ተይዞ፣ ሰዎች መጥተው ግድግዳውን በግንድ ፈልቅቀው እስኪያነሱላት ድረስ፣ ከቀትር እስከ አሥር ሰዓት እዚያው ቆየች።

ሐኪም ቤት ሁለት ወር ተኛች። እጇ ከመቆረጥ ተረፈ፤ ሦስቱ ጣቶቿ ግን እንደ ሹካ ደርቀው ቀሩ፤ አይታጠፉ፣ አይዘረጉ። እናቷ ልጃቸው በመትረፏ አልሐምዱሊላህ ማለታቸውን አላቋረጡም። ነገር ግን ሌላ ሐሳብ ውስጥ ውስጡን ያብሰለስላቸው ጀመር። በዚያ ዘመን ደሴ ውስጥ ያደገች ልጅ የትራስ ልብሷንና አንሶላዋን በገዛ እጇ ጠልፋ ካልገባች፣ አማት ትቅርና ጎረቤት ይስቅባታል። መዲና ደግሞ መርፌ በግራ እጇ ብትይዝ ጨርቁን ወጥሮ የሚይዝላት ቀኝ የለም። ጨርቁን በጉልበቷ ይዛ ሞከረች፤ በጥርሷ ነክሳ ሞከረች። አንድ ቅጠል ለመጥለፍ ሦስት ቀን ፈጀባት፤ ያም ቅጠል ሲታይ ጆሮ ይመስል ነበር።

ግራዋ ሌላ ሙያ እንዳለው የታወቀው እንዲያው በብስጭት ነው። የሰፈሩ ልጆች ተሰብስበው ሲጠልፉ፣ አንዷ ጣዎስ እሥላለሁ ብላ ዶሮ ስትሥል አይታ፣ "አምጪው እስቲ" ብላ ጠመኔውን ነጠቀቻት። ጣዎሱ ጣዎስ ሆነ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ጨርቁን ተሸክሞ እሷ ዘንድ ይመጣ ጀመር። እሷ ትሥልላቸዋለች፤ እነሱ በተራቸው የእሷን ይጠልፉላታል። እንዲህ ሆኖ ስታገባ፣ ከደጃፏ የወጣው የሙሽራ ሻንጣ የሰባት ልጆች እጅ ያረፈበት ነበር። በግራ እጅ የተሣለ ነገር ለሙሽራ አይሆንም ያሉ አሮጊቶች አልጠፉም። ሻንጣው ተከፍቶ ሲያዩት ግን እየተጋፉ ዳሰሱት።

ያገባት ጀማሉዲን ልብስ ሰፊ ነው። ሸዋ በር አካባቢ በአንድ ሱቅ በረንዳ ላይ እሱ መኪናውን ዘርግቶ ይሰፋል፤ እሷ ከጎኑ በአንዲት ጠረጴዛ ላይ የጥልፍ ንድፍ ትሥላለች። አሠራሯ ቀላል ነበር። ንድፉን መጀመሪያ በወረቀት ትሥላለች፤ መስመሩን እየተከተለች ወረቀቱን በመርፌ ትበሳሳዋለች፤ ከዚያ ወረቀቱን ከጨርቁ ላይ ዘርግታ፣ ነጭ ልብስ የሚነከርበትን ሰማያዊ ዱቄት በላምባ በጥብጣ፣ በቡጭቅ ጨርቅ ከላይ ታሸዋለች። ላምባው ተንኖ ይሄድና ጨርቁ ላይ ሰማያዊ ነጠብጣብ ብቻ ይቀራል። ሴቶቹ ነጠብጣቡን ተከትለው ይጠልፋሉ። ጥልፉ አልቆ ጨርቁ ሲታጠብ ነጠብጣቡ ከውሃው ጋር ይሄዳል። አቡጀዲ ይህን ሥራ አሳምሮ ይቀበል ስለነበር መዲና ዓመታት ሙሉ ስለ ቀለም አስባ አታውቅም።

ችግሩ የመጣው ከ1983 በኋላ ነው። መንግሥት ተለወጠ፣ መንገድ ተከፈተ፣ ከአሰብና ከጅቡቲ በኩል ቴትሮን የሚሉት አንሸራታች ጨርቅ ኮምቦልቻን ሞላው። ሲታጠብ አይጨማደድም፣ እንደ ወተት ይነጣል፤ ስለዚህ ሙሽራ ሁሉ ቴትሮን ካልሆነ አለች። ቴትሮን ግን የመዲናን ሰማያዊ ዱቄት አልቀበልም አለ። ዱቄቱ ሲሣል ያምራል፤ ጨርቁን አንሥቶ ላራገፈ ሰው ደግሞ እንደ አቧራ ይበናል።

ከኮምቦልቻ ሰርካዲስ የምትባል ደንበኛ ነበረቻት። አንድ ቀን ሁለት ርግብ ያለበት የጠረጴዛ ልብስ አሥላ፣ አጣጥፋ በፌስታል ይዛ በታክሲ ወረደች። ቤቷ ደርሳ ስትዘረጋው የአንደኛዋ ርግብ ጭንቅላት የለም፤ ፌስታሉ ላይ ቀርቷል። በማግሥቱ ጨርቁን በሰው መለሰችና፣ "ጭንቅላቷን ላኪልኝ" ብላ ላከችባት። መዲና መልእክቱን ስትሰማ ጠረጴዛዋን ይዛ ቆመች። ጀማሉዲን ሳቁን ለመደበቅ ጎንበስ ብሎ ክር ያልጎደለውን ጥቅል አስተካከለ።

ያኔ ነው ሙከራው የጀመረው። ካርቦን ወረቀት ሞከረች፤ ካርቦኑ መስመሩንም እጇንም ጨርቁንም እኩል አጠቆረው። ኮፒያ እርሳስ ሞከረች፤ ደረቅ ሳለ ጨዋ ነው፣ የጠላፊዋ ላብ ጠብ ሲልበት ግን ወይን ጠጅ ሆኖ ይንዠቀዠቃል። የሳሙና ስብርባሪ ነጭ ላይ አይታይም። ቀይ ሥር ጨምቃ ሞከረች፤ የመጀመሪያውን ቀን እንዴት ያለ ቀለም ነበር፣ በሦስተኛው ቀን የዛገ ምስማር መሰለ። ሒና አንዴ ከያዘ ወይ ፍንክች። የእንቁላል ነጭ ከጥላሸት ጋር መታች፤ ደርቆ እንደ ጭቃ ግድግዳ ተሰነጣጠቀ። በመጨረሻ ጥላሸቱን በማር ለወሰችው። ይህኛው ያዘላት፤ መስመሩ ቀጭን፣ ጥቁር፣ ጥርት ያለ ሆነ፤ ሲታጠብም ለቀቀ። ደስ ብሏት ጨርቁን ሱቅ ውስጥ ዘርግታ አደረች። ጠዋት ሲከፍቱ ጉንዳን ከበሩ ሥር ተሰልፎ መጥቶ የጣዎሱን ጭራ ጨርሶ ወደ አንገቱ እየወጣ ነበር።

"ሌላው ሰው ሚስቴ ወጥ አረረባት ይላል፤" አለ ጀማሉዲን፣ "የእኔዋ ሥዕል ተበላባት።"

"አንተ ሳቅ። ሱሪ ነው የምትሰፋው፤ ሱሪ ደግሞ ጉንዳን አይወደውም።"

"እንግዲህ በርበሬ ጨምሪበት።"

በርበሬውን መዲና አስቀድማ አስባበት ነበር።

በ1988 ኅዳር ላይ ወይዘሮ ሸዋዓለም መጣች። ሸዋዓለም ባሏ የሞተባት፣ በሆጤ ሰፈር የታወቀች የተከበረች ሴት ናት፤ በዕድሜ መዲናን ትበልጣታለች። አንዲት ልጇ ወንጌላዊት ለዳግማይ ትንሣኤ ልትዳር ነው። ወንድሟ ከጅቡቲ የላከውን ቴትሮን በነጭ ወረቀት ጠቅልላ ይዛለች። ስምንት የትራስ ልብስ፣ ሁለት አንሶላና ሁለት የጠረጴዛ ልብስ ይወጣዋል፤ በጠቅላላው አሥራ ሁለት።

"መዲናዬ፣ አንድ ልጅ ናት ያለችኝ። ጨርቁ ደግሞ ቢበላሽ አይተካም፤ የላከው ወንድሜ መርከብ ላይ ነው አሁን።"

"ጨርቅ ሳበላሽ አይተውኝ ያውቃሉ እትዬ ሸዋዓለም?"

"አላየሁም። የርግቧን ነገር ግን ሰምቻለሁ።"

መዲና አንገቷን ደፋች። ሸዋዓለም ፈገግ አለችና እጇን ትከሻዋ ላይ አሳረፈች። "ወይን ከነቅጠሉ ሣይልኝ፤ ትራሱ ላይ 'መልካም እንቅልፍ' ይጻፍበት። ክሩንም አንቺው ምረጪልኝ፤ የእኔ ዓይን አሁን ቀይና ብርቱካን አይለይም። አንድ ነገር ብቻ አደራ። ቀለሙ እንዳይለቅ።"

"አይለቅም።"

"የእህቴ ልጅ ሠርግ ላይ ያየሁትን አይቻለሁ። እንዳይለቅ፣ መዲናዬ፤ አደራ በሰማይ አደራ በምድር።"

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተበላሸው። "ቀለሙ" ያለችው ሸዋዓለም ክሩን ነው። የእህቷ ልጅ አንሶላ ሲታጠብ ቀይ ክሩ ለቅቆ ነጩን ሁሉ አደፍርሶት ነበር። መዲና ግን የርግቧ ነገር ገና እንደ እሾህ ተሰክቶባት ስለነበር፣ "ቀለም" ሲባል ከንድፏ በቀር ሌላ አልታሰባትም። ሸዋዓለም የእህቷን ልጅ ሠርግ ብታነሣም ምን እንዳየች አልተናገረችም፤ መዲናም አልጠየቀችም። ሁለቱ ሴቶች አንዲት ቃል ለሁለት ተካፍለው፣ ሁለቱም ሙሉውን ይዘናል ብለው ተለያዩ።

መዲና ለሁለት ቀን አሰበች። በሦስተኛው ቀን ነጠላዋን ተከናንባ በኩታበር መንገድ ወደሚኖሩት ወደ መሪጌታ ጸጋው ሄደች። መሪጌታ ጸጋው ብራና የሚጽፉ፣ ቀለማቸውን በገዛ እጃቸው የሚያዘጋጁ ሽማግሌ ናቸው። ከጀማሉዲን ዘንድ ካባ ያሰፉ ስለነበር ያውቋታል።

"ምን እግር ጣለሽ ልጄ?"

"ቀለም ፈልጌ ነው መሪጌታ። የማይለቅ።"

"የእኔ አይለቅም። ገብስ አሳርሬ፣ ጥላሸት ቀላቅዬ፣ ሦስት ወር አሰንብቼ ነው የማወጣው። ከእኔ በፊት የነበሩት አባቶች የጻፉት እስከ ዛሬ ይነበባል። ምን ልትጽፊበት ነው?"

"ሥዕል ልሥልበት ነው።"

"የምን ሥዕል?"

"የወይንና የወፍ።"

"ወፍ ደግሞ የማይለቅ ቀለም ምን ያደርግላታል፤ መብረር አይደል ሥራዋ?" አሉና እየሳቁ በትንሽ ጠርሙስ ቀዱላት። ብርዕም ቆርጠው ሰጧት።

በእርግጥ መዲና ከሃያ ዓመት በላይ በዚህ ሙያ የቆየች ሴት ናት፤ ንድፍ መታጠብ እንዳለበት ሳታውቅ ቀርታ አይደለም። ነገር ግን ለራሷ እንዲህ ብላ አስረዳች፦ ወይኑም ቅጠሉም በሙሉ ጥልፍ የሚሞላ ነው፤ መስመሩን በመርፌ ጫፍ ያህል አቅጥኜ ከሣልኩት ክሩ ይሸፍነዋል። የተሸፈነ ነገር ባይለቅ ማንን ይጎዳል? አደራ የተባለችውም ይህንኑ ነው። ቁራጭ ቴትሮን ላይ ሞክራ አጠበችው፤ በሳሙና አሸችው፤ በፀሐይ አሰጣችው። መስመሩ ፍንክች አላለም። ስንት ዓመት የደከመችበት ነገር በመጨረሻ ተገኘ ብላ፣ ያን ዕለት የጀማሉዲንን ቀልድ ያለ ወትሮዋ እየሳቀች ሰማችው። አሥራ ሁለቱንም ጨርቅ በአሥር ቀን ሣለች። ከእጇ የወጣ ነገር እንደዚያ ተሳክቶላት አያውቅም።

ያላሰበችው ወንጌላዊትን ነበር። ወንጌላዊት መምህርት ናት፤ ከሥራ መልስ ደክሟት ነው የምትጠልፈው። በአንድ ትራስ ላይ አርባ ቅጠል አለ። እሷ ደግሞ ሃያ ስድስቱን ጠልፋ ቀሪውን ትዘለው ነበር። እናቷ ስትጠይቃት፣ "እማዬ፣ ቅጠል ሲበዛ ትራስ መሆኑ ይቀርና ዱር ይሆናል፤ ሲታጠብ ይለቃል፣ ማን ያውቃል?" ትላለች። ይህን ደሴ ውስጥ የማያደርግ ጠላፊ የለም። መዲናም ታውቀዋለች፤ ለዚያም ነው ሁልጊዜ ቅጠል አብዝታ የምትሥለው። ያን ጊዜ ግን አላስታወሰችውም።

መጋቢት መጀመሪያ ላይ፣ በዐቢይ ጾም እኩሌታ፣ ሸዋዓለም አንድ የትራስ ልብስ በእጇ ይዛ ሱቁ በረንዳ ላይ ቆመች። አልተቀመጠችም።

"እንደምን አሉ ወይዘሮ መዲና።"

መዲና ብርዕዋን አስቀመጠች። ሸዋዓለም አንቺ እያለች ስትጠራት ኖራለች። "እርስዎ" መባል ከእንዲህ ያለች ሴት አፍ ሲወጣ ከስድብ ይከብዳል።

"እትዬ፣ ምን አጠፋሁ?"

"ኧረ ምን አጥፍተው። ይህን ይመልከቱልኝ ብዬ ነው።"

ጨርቁ ተዘረጋ። የተጠለፈው ወይን ያምራል። በመካከሉ ግን ያልተጠለፉት አሥራ አራት ቅጠሎች ጥቁር አጽማቸው ቁልጭ ብሎ ቀርቷል። ትራሱ ላይ ዝንብ ያረፈበት ይመስላል። ከሥር ደግሞ ሰፊ ቢጫ እድፍ አለ።

"በሎሚ አሸሁት፤ ኋላ በረኪና አፈሰስኩበት። ጥቁሩ እንዳለ ነው፤ ነጩ ቢጫ ሆነ።"

"እንዳይለቅ ብለውኝ እኮ ነው፤" አለች መዲና። "አደራ ብለውኝ። ኩታበር ድረስ ሄጄ ነው ያመጣሁት።"

"ምኑ እንዳይለቅ?"

"ቀለሙ።"

"የክሩ ነዋ የእኔ እናት። የክሩ።" ሸዋዓለም ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። "ንድፍ እንዳይለቅ ብሎ የሚለምን ሰው አይተው ያውቃሉ? እኔ አብጃለሁ?"

"ክሩስ ለቀቀ?"

"ክሩማ ጠብ አላለም።"

ይህ ነው መዲናን ከሁሉ ያበገናት። ያላሰበችበት ክር፣ ከኮምቦልቻ ገበያ እንዲያው ዓይኗ የወደደውን አንሥታ ያመጣችው ክር፣ አደራውን ጠብቋል። ኩታበር ድረስ ሄዳ የለፋችበት ቀለም ግን አፈረሰው። ጀማሉዲን እንኳ መኪናውን አቆመ።

"ልጄን በዝንብ ትራስ ልድራት አልችልም፤" አለች ሸዋዓለም ለመሄድ ፊቷን እያዞረች። "ሌላ ጨርቅም የለኝ። ከዳግማይ ትንሣኤ በፊት አንድ ነገር ያድርጉ። ካልሆነ ግን ወይዘሮ መዲና፣ እኔ ባልናገር እንኳ ሠርግ ነው፤ ሰው ሁሉ ያየዋል።"

እውነቷን ነበር። ደሴ ሠርግ ቤት ሴቶች አልጋውን ገልጠው ያያሉ። የማን እጅ ነው ይባላል። እንኳን አሥራ ሁለት፣ አንድ የተበላሸ ትራስ ይበቃል፤ ከዚያ በኋላ ጨርቅ ይዞ ወደዚያ በረንዳ የሚመጣ አይኖርም። ቀኝ እጇ መርፌ የማይዝ ሴት ደግሞ ሌላ ምን ሙያ አላት?

በማግሥቱ መዲና ወደ መሪጌታ ጸጋው ተመለሰች። በዚህ ጊዜ ሰላምታውን አላስረዘመችም።

"የሚያስለቅቀው አለዎት?"

"የቱን?"

"የሰጡኝን።"

መሪጌታ መነጽራቸውን አወለቁ። "ልጄ፣ የሚለቅ ቢሆን ኖሮ ሦስት ወር ምን አደከመኝ? እኛ ስንሳሳት ብራናውን በቢላ እንፍቃለን። ጨርቅ አይፋቅም።"

"ፍቃችሁ ያልሆነላችሁ ጊዜስ?"

"ያን ጊዜማ ሐረግ እንሥልበታለን። ስህተቱን ውጦ ጌጥ ይሆናል።" ትንሽ አሰቡና ደግሞ ሳቃቸው መጣ። "ግን እስቲ ንገሪኝ፤ የእናንተ ሼሆች ጠዋት በእንጨት ሰሌዳቸው፣ በሉህ ላይ ጽፈው ማታ አጥበው የሚመልሱት ቀለም አላቸው አይደል? የሚለቅ ቀለም ከቤትሽ ደጅ እያለ፣ የማይለቀውን ፍለጋ እኔ ዘንድ ምን አመጣሽ?"

መዲና በሕይወቷ ካስቆጧት ንግግሮች ሁሉ ይህ ሳይብስ አይቀርም፤ ምክንያቱም እውነት ነው። ሼህ አብዱልወሀብ የሰፈሩን ልጆች ቁርዓን የሚያስቀሩት ከእሷ ቤት በሦስተኛው አጥር ነው። የሉህ ማጠቢያው ውሃ ስንት ጊዜ በደጇ ሲያልፍ አይታለች። ከኩታበር መንገድ እስከ ሰፈሯ ድረስ ለብቻዋ እያጉረመረመች ተመለሰችና በቀጥታ እሳቸው ዘንድ ገባች።

"አሰላሙ አለይኩም ሼሃችን። የሉህ ቀለም ፈልጌ ነበር።"

"ወአለይኩም ሰላም። ለማን?"

"ለትራስ።"

"ለትራስ፤" አሉ ሼሁ።

"ያውም ለክርስቲያን ሙሽራ። ይቆጡኝና ይውጣልኝ።"

ሼህ አብዱልወሀብ ግን አልተቆጡም። "ሉህ የታጠበበትን ውሃ ብትጠይቂኝ አልሰጥሽም፤ ያ ቃሉን የነካ ነው። ቀለሙ ግን ገና ምንም ያልተጻፈበት ጥላሸት ነው፤ ምን ጥፋት አለው? የድስት ቂጥ ፍቀሽ፣ የግራር ሙጫ በውሃ አሟሽተሽ ትበጠብጪዋለሽ። ሙጫው ከበዛ አይለቅም፣ ካነሰ አይዝም።"

"ይኸው ነው?"

"ይኸው ነው። ሃያ ዓመት ጎረቤቴ ነሽ፤ ዛሬ ጠየቅሽኝ።"

ቤቷ ገብታ በጠበጠችው። ቴትሮን ላይ ስታሳርፈው ቀለሙ ቅቤ ላይ እንደፈሰሰ ውሃ እየተንከባለለ ተሰበሰበ። ሙጫ ጨመረች፤ ያዘ፣ ግን ሲታጠብ ግማሹ ቀረ። ሙጫ ቀነሰች፤ ተንከባለለ። አራት ቀን እንዲህ ሆነ። ከሠርጉ በፊት የቀረው አንድ ወር ብቻ ነው። በአምስተኛው ቀን ጀማሉዲን የሸሚዝ ኮሌታ ሊያደርቅ የስንዴ ዱቄት ሙቅ እያማሰለ፣ "ጨርቁንስ እንደ ኮሌታ ብታደርቂው?" አላት። እንደ ልማዱ መቀለዱ ነበር።

መዲና አፍጥጣ አየችው። ከዚያ የቴትሮን ቁራጭ አንሥታ እሙቁ ውስጥ ነከረች፤ ጨመቀችው፤ በከሰል ካውያ ተኮሰችው። ጨርቁ እንደ ወረቀት ቆመ። ብርዕዋን አሳረፈች፤ መስመሩ ሳይንከባለል ቀጥ ብሎ ሄደ። በቀዝቃዛ ውሃ ስታጥበው ሙቁ ቀለሙን ይዞት ወጣ። ቁራጩ ነጣ።

"አየሽ፤" አለ ጀማሉዲን።

"ዝም በል፤" አለችው። ያን ጊዜ የተናገረችው በጥላቻ አልነበረም፤ ግን ይህን ሁሉ ዓመት አጠገቧ ተቀምጦ ኮሌታ ሲያደርቅ ኖሮ ዛሬ መናገሩ አንጀቷን አሳርሯታል።

የመሪጌታ ቀለም አይለቅም፤ ስለዚህ መዋጥ አለበት። መዲና ሸዋዓለም ቤት ገብታ አምስት ቀን ተቀመጠች። እያንዳንዱን ጨርቅ በሙቅ አድርቃ፣ ጥቁሩን ቅጠል ሁሉ በአዲሱ ቀለም ወደ ሌላ ነገር ለወጠችው። ሁለት ቅጠል ጎን ለጎን የቆሙበት የወፍ ክንፍ ሆነ፤ ሦስት የተደራረቡበት የአበባ ቅርፊት ሆነ፤ ብቻውን የቀረው የጣዎስ ጭራ ዓይን ሆነ። ወንጌላዊት ራስጌ ቆማ ቆጠረችና፣ "እትዬ መዲና፣ ይኼ እኮ ከበፊቱ በሁለት እጥፍ በዛ" አለች።

"አዎ። አሁን ግን አንዲቷንም አትዘይም። ከዘለልሽ ዝንብ ናት።"

ሸዋዓለም የሰፈሩን ሴቶች ጠራች። ከሆጤም ከሸዋ በርም መጡ፤ መስቀል ያሠረችውም ሒጃብ የለበሰችውም በአንድ መደብ ላይ ተቀምጠው ጠለፉ። ጾም ስለነበር ምሳው ሽሮ ነበር፤ ቅሬታ ግን አልታጣም። አንዷ ክንፍ ከቅጠል ይከብዳል ትላለች፤ ሌላዋ "መልካም እንቅልፍ" የሚለውን እየጠለፈች እኔ ራሴ ሳልተኛ ትላለች። መዲና በየመካከላቸው እየዞረች፣ ክሩን ወደ ውጭ አሳልፊው፣ ጥቁሩ ታየ፣ ድገሚው እያለች ነዘነዘቻቸው። ሸዋዓለም በዚያ ሁሉ ጊዜ "እርስዎ" ማለቷን አልተወችም።

የበረኪናው ትራስ አልዳነም። አሥራ አንዱ ግን ከሆሳዕና በፊት አለቀ። ሕማማት ከገባ ልብስ ስለማይታጠብ፣ ገና ሳይገባ ዓርብ ረፋድ ላይ ግቢው ውስጥ ትልቅ ሳፋ ቀዝቃዛ ውሃ ቀረበ። ሴቶቹ ከበቡት። መዲና እንድታጥብ ተጠየቀች፤ እምቢ አለች። ሸዋዓለም ራሷ እጅጌዋን ሰብስባ አንደኛውን አንሶላ ነከረችው። ውሃው ወዲያው ጠቆረ። ሸዋዓለም አነሣችው፣ ጨመቀችው፣ ወደ ብርሃኑ ዘረጋችው።

"ለቀቀ፤" አለች።

መዲና ከሴቶቹ ኋላ አንገቷን አሰገገች። "ምኑ?"

"ንድፉ ነዋ። ክሩማ እንዳለ ነው። ነይ እዪው እንጂ፣ ምን ይገትርሻል?"

ሳፋው ጋ ስትደርስ ነበር ሸዋዓለም "ነይ" ማለቷ የታወቃት። ወንጌላዊት ስትዳር ሴቶቹ አልጋውን ገልጠው አዩ። የጠለፉትን አመሰገኑ፤ ክሩን አመሰገኑ፤ ከጅቡቲ ጨርቁን የላከውን መርከበኛ መረቁት። ንድፉን ያነሣ አልነበረም፤ የለምና።

ከዚያ በኋላ መዲና ከሉህ ቀለምና ከስንዴ ሙቅ በቀር ሌላ ነገር አልሞከረችም ማለት አይቻልም፤ እስከ ዛሬ ድስት ስትፍቅ ትገኛለች። በ1996 ግን ሙዓዝ የሚባል ወጣት፣ የድሮ ሙያተኞችን ሥራ ሰብስቦ ለሕዝብ ሊያሳይ አስቦ፣ ደብተሩን ይዞ በረንዳው ላይ ተቀመጠ። ሥዕሎችዎን ያሳዩኝ አላት። የለኝም አለችው። እንግዲያው በሕይወትዎ ከሁሉ የሚበልጥ ያሉትን ይንገሩኝ፣ እሱን እጽፋለሁ አላት። መዲና ጨርቅ እያደረቀች ነበር፤ እጇን ሳታቆም እንዲህ አለችው፦

"ሥዕል አለዎት ወይ ትለኛለህ። የሣልኩት ሁሉ ታጥቦ ሄዷል፤ ባይሄድ ነበር ማፈር። እሱ አይቆጨኝም። ዋናውን ካልከኝ ግን ጻፍ። ይህን ሁሉ ዘመን ጥላሸት ስፍቅ፣ እንቁላል ስሰብር፣ ከጉንዳን ጋር ስጣላ ኖሬአለሁ፤ ቀለም ግን አንድ ቀን ዋሽቶኝ አያውቅም። የሚይዝ ከሆነ ይይዛል፣ የሚለቅ ከሆነ ይለቃል። ያቃጠለኝ የሰው ቃል ነው፤ ሳልጠይቅ የገባኝ የመሰለኝ። ሰው አደራ ሲልህ ምኑን ብለህ ጠይቅ። ቢስቅብህም ጠይቅ። እኔ ያችን አንዲት ቃል ከአፌ ባለማውጣቴ ኩታበር ሁለቴ ተመላልሻለሁ። ይኸው ነው የእኔ ዋናው። አንተም ብትሆን ከተቀመጥክ ሰዓት አለፈህ፤ የምኑን ሥዕል እንደምትፈልግ እስካሁን አልነገርከኝም።"